የድራም ኮር ብራስን በጆሮ መዳኘት፦ ጩኸቱ እንዳያታልላችሁ

መጀመሪያ የድራም ኮር ውድድር ያየሁት ልጄ ጎትቶኝ ነው። ልጁ በሃይስኩሉ ማርቺንግ ባንድ ባሪቶን ይነፋል። እኔ ማርሽ ባንድ ሲባል ትዝ የሚለኝ አዲስ አበባ ላይ የፖሊስ ኦርኬስትራ በበዓል ቀን ሲያልፍ ነው። ሰባ ምናምን ወጣቶች መሣሪያቸውን ወደኛ አዙረው አንድ ኮርድ (በአንድ ጊዜ ተደራርበው የሚነፉ ኖታዎች) ሲለቁብን ግን ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን አጣምረው ዝም ብለዋል። በወጣትነታቸው ኮር ውስጥ ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው። «ሲያቆሙ ሰማህ?» አሉኝ።

አልሰማሁም። እያጨበጨብኩ ነበራ።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ ስሄድ ቀስ በቀስ ጆሮዬ ተከፈተ። የብራስ ክፍልን፣ ማለትም እንደ ትራምፔትና ቱባ ያሉ የብረት መሣሪያዎች የሚነፉትን፣ ለመዳኘት የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። የት እንደሚሰሙ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚሰማው ምንም የማይነግረውን ቦታ ነው፤ ማለትም በጣም የሚጮኸውን።

መጀመሪያ ትንሽ ስለ ውድድሩ

ድራም ኮር በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ የሚጫወቱት ትርኢት ነው። አባላቱ ወጣቶች ናቸው። 20ዎቹን ገባ ያለ ሰው ዕድሜው አልፏል ተብሎ ይሸኛል። ብራስ፣ ከበሮና ባንዲራ የሚያወዛውዝ ቡድን አላቸው። ሳክስፎን የለም፣ ክላሪኔት የለም፣ ዋሽንት የለም። ትልቁን ውድድር የሚያዘጋጀው ድራም ኮር ኢንተርናሽናል ነው። የተመሠረተው በ1971 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 በዊስኮንሲን ተካሄደ። ከ2009 ወዲህ ፍጻሜው በነሐሴ መጀመሪያ ገደማ ኢንዲያናፖሊስ፣ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ውስጥ ነው።

ነጥቡ ከ100 ነው። 40ው ለአጠቃላይ ስሜትና ውጤት፣ 30ው ለእይታ፣ 30ው ለሙዚቃ። ብራስ ለብቻው ከ20 ይታረምና ከከበሮው እና ከአጠቃላይ የሙዚቃ ዳኛው ነጥብ ጋር ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ስለዚህ የብራስ ዳኛው በእጁ ያለው ከመቶው 10 ነጥብ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በፍጻሜው ምሽት አንደኛና ሁለተኛው አንዳንዴ በአሥረኛ ቤት ብቻ ይለያያሉ።

እስከ 1983 ድረስ ዳኝነቱ ስህተት መቁጠር ነበር። ዳኛው ብዕሩን ይዞ ሜዳ ውስጥ ይዞራል፣ ስህተት በሰማ ቁጥር አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። በ1984 ይህ ቀረ። አሁን ዳኛው ከታች ወደ ላይ ይገነባል፦ ምን ተሰጣቸው? የተሰጣቸውን ምን ያህል አደረሱት? እናንተም በዚህ መንገድ ብትሄዱ ይሻላል። የተሰነጠቀች ኖታ ለመልቀም የሚመጣ ሰው ሙዚቃውን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

1. መቀመጫ

ከመካከለኛው መስመር ትይዩ፣ ከፍ ያለ ቦታ ያዙ። ታች ከፊት ከተቀመጣችሁ የሚደርሳችሁ የቅርቡ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ትራምፔት ነፊ ፊታችሁ ቆሞ ቢሳሳት ክፍሉ ሁሉ የተሳሳተ ይመስላችኋል። ጥግ ከሆናችሁ ደግሞ የሜዳው ሌላኛው ጫፍ ዘግይቶ ይመጣል። ትኬቱ ወደድ ይላል፣ አውቃለሁ። የሚያዋጣው ግን እሱ ነው።

2. ማን ምን እንደሚነፋ ለዩ

አራት ቤተሰብ ያዙ። ትራምፔት ከላይ ነው። ሜሎፎን ከሱ ሥር ነው፤ አፉ ሰፋ ያለ፣ ወደፊት የሚያይ፣ ፍሬንች ሆርንን ለሰልፍ ያመቻቹት መሣሪያ። ባሪቶንና ዩፎኒየም መሃሉን ይሞላሉ። ኮንትራ የሚሏት ቱባ በትከሻ ላይ ተሸክመዋት ከታች ታንጎራጉራለች። ድሮ ሁሉም በጂ ኖታ የተቃኙ፣ ቡግል የሚባሉ መለከቶች ነበሩ። በ2000 በየትኛውም ቅኝት ያለ መሣሪያ ተፈቀደ፤ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ትሮምቦንም ሌላም ብራስ ይገባል።

ትራምፔቱን ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ ልምምዳችሁን ከታች ጀምሩ። አንድ ሙሉ ትርኢት ኮንትራውን ብቻ ተከተሉ። ቀጥሎ ሜሎፎኑን። ሜሎፎን ክፉ መሣሪያ ነው፣ ኖታው በቀላሉ ያመልጣል። ጥሩ የሜሎፎን ክፍል ያለው ኮር አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ አስተማሪም አለው።

3. የድምፁን ቀለም ስሙ፣ በተለይ ዝግ ሲሉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙ አየር ገፍቶ መጮህ ወጣት ሳንባ ያለው ሁሉ የሚችለው ነው። ከባዱ በዝግታና በለስላሳ መንፋት ነው። ድምፅ ዝቅ ሲል የከንፈሩ ንዝረት ሊቋረጥ ይፈልጋል፣ አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቅኝቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ በትርኢቱ መሃል የሚመጣውን ዝግ ያለ ክፍል (ባላድ ይሉታል) ጠብቁ። እዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ድምፁ ሙሉ ነው ወይስ ቀጠነ? ጥሩ ክፍል ዝግ ሲል ድምፁ ያንሳል እንጂ አይሳሳም። የራዲዮ ድምፅ እንደመቀነስ ነው፤ ዘፋኙ ያው ዘፋኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ይለያል? ከሰባው መካከል የአንድን ልጅ ድምፅ ለይታችሁ ከሰማችሁ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ወይ ቅኝቱ ወጥቷል፣ ወይ ከሌላው በላይ ነፍቷል፣ ወይ የድምፁ ቀለም የተለየ ነው። ሶሎ ካልሆነ በቀር ሰባው አንድ ትልቅ መሣሪያ መስሎ መሰማት አለበት።

ሦስተኛ፣ ታች ያለው ይበልጣል ወይስ ላይ ያለው? ጥሩ ሚዛን እንደ ጎጆ ቤት ነው፤ መሠረቱ ሰፊ፣ ጫፉ ሹል። ኮንትራና ባሪቶን ሲሰፉ ትራምፔቱ ላያቸው ላይ ተቀምጦ ሳይጮህ ያበራል። ትራምፔቱ ብቻውን ከበዛ ግን ጆሮ ይቧጥጣል።

ከዚያ ወደ ከፍተኛው ጩኸት ሲሄዱ ይኸው ቀለም ይቆያል ወይ? ድምፅ ከልክ ሲያልፍ ይሰነጠቃል፤ ጨርቅ ሲቀደድ ያለውን ዓይነት ጠርዝ ያወጣል። አንዳንድ ተመልካች ይሄን ይወደዋል። ዳኛው ግን አይወደውም።

እዚህ ላይ ግን ምርጫንና ብቃትን አታምታቱ። ከታዋቂዎቹ ኮሮች ፋንተም ሬጅመንት ክላሲካል ይወዳል፣ ድምፁም ጠቆር ያለና ክብ ነው። ብሉ ዴቪልስ ወደ ጃዝ ያዘነብላል። ማዲሰን ስካውትስ በድሮ ዘመኑ ሰማይ ጥግ በሚነፉ ትራምፔቶቹ ይታወቃል። እኔ ጠቆር ያለውን እወዳለሁ። ያ የኔ ጉዳይ ነው። የሚዳኘው የመረጡትን ቀለም ሁሉም አባል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞታል ወይ የሚለው ነው።

4. ኮርዱ ተቃኝቷል?

ለኛ ለሐበሾች በጣም የሚከብደው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጆሯችን ያደገው በዜማ ነው። ማሲንቆውም፣ ዘፋኙም፣ ተቀባዩም አንድ ዜማ ይዘው ይሄዳሉ። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ዶ፣ ሚ፣ ሶል አሉ፤ ግን ተራ በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ ተደራርበው አይመጡብንም። ስለዚህ ዜማ ከቅኝቱ ሲወጣ ወዲያው እናውቃለን፣ የተደራረበ ኮርድ ሲጣመም ግን «የሆነ ነገር ደስ አላለኝም» ብለን እናልፋለን።

መፍትሔው ክራር ሲቃኝ ማስታወስ ነው። ሁለት ክር ሊገጥሙ ሲቃረቡ ድምፁ ዋ… ዋ… ዋ… እያለ ይወዛወዛል። ሲገጥሙ ውዝዋዜው ይቆማል። ብራስ ላይም ያው ነው። ረጅም ኮርድ ሲይዙ ውዝዋዜውን ፈልጉ። ካለ አልተቃኘም። ከሌለ ኮርዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እንዲያውም ማንም ያልነፋው ከፍ ያለ ድምፅ ከላይ የሚሰማ ይመስላል። ያ ቅዠት አይደለም። የድምፆቹ ድግግሞሾች ሲገጥሙ በእርግጥ የሚፈጠር ነው።

የሚገርመው ልጆቹ ይህን የሚያደርጉት ከመቃኛ ማሽኑ ርቀው ነው። በፒያኖ ቅኝት የዶ-ሚ-ሶል ሚ ከተፈጥሯዊው ከፍ ያለች ናት። ኮርዱ እንዲረጋ ሚን የያዘው ልጅ 14 ሴንት ያህል ማውረድ አለበት (ግማሽ ቶን 100 ሴንት ነው)። ሶልን የያዘው ደግሞ 2 ሴንት ያህል ከፍ። ማለትም እያንዳንዱ ልጅ በዚያች ሰከንድ የኮርዱ የትኛዋ ኖታ በእጁ እንዳለች ማወቅ አለበት። እየሮጠ!

ሙቀትም አለ። አየሩ ሲሞቅ ብራስ ቅኝቱ ከፍ ይላል፣ በየዲግሪ ሴልሺየሱ እስከ 3 ሴንት ገደማ። ከፊት የተደረደሩት ማሪምባና ቫይብራፎን (በዱላ የሚመቱ ኪቦርዶች) ግን በሙቀት ከፍ አይሉም። ሲንተሳይዘሩም እንደዚያው። በሐምሌ ቀን ቴክሳስ ላይ ብራሱና ኪቦርዱ አንድ ዜማ ሲይዙ በጥንቃቄ ስሙ። አንድ ላይ ከሆኑ የሆነ ሰው የማስተካከያ ቱቦዎቹን በትክክል ስቦ አስወጥቷል፣ ልጆቹም ጆሯቸውን ከፍተዋል።

5. የኖታው አፍና ጅራት

ሽማግሌው የጠየቁኝ ይሄን ነው። የኖታ መሃል ማንም ይችለዋል። ብቃት ያለው ጫፎቹ ላይ ነው።

መነሻውን ስሙ። ሰባ ሰው «ታ» ሲል አንድ «ታ» ነው ወይስ «ትታታ»? ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይጀምራል ወይስ «ትዋ» ብሎ ወደ ኖታው ይንሸራተታል? ፈጣን ቦታ ላይ ምላስ «ታካታካ» እያለ ሲመታ እያንዳንዷ ኖታ እንደተለቀመ ምስር ትለያለች ወይስ ገንፎ ሆነች?

ከዚያ መጨረሻውን። ትልቁ ኮርድ ሲቆም እናንተ አታጨብጭቡ፤ አንድ ሰከንድ ታገሡ። ሁሉም አንድ ላይ ቆመ? አንድ ትራምፔት ቀረ? ሲያቆሙ ድምፁ ተቆረጠ ወይስ ታነቀ? ስታዲየሙ ጣሪያ ካለው የሚቀረውን ማሚቶ ስሙ። ማሚቶው ንጹሕ ኮርድ ሆኖ ከሄደ ከላይ ያልነውን ፈተና በሙሉ አልፈዋል። ማሚቶ አይዋሽም፤ የመጨረሻዋን ቅንጣት ሰከንድ ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው።

6. አንድ ላይ ናቸው? (እጁን አትመልከቱ)

የፉትቦል ሜዳ ስፋቱ 49 ሜትር ያህል ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ከኋላው መስመር የተነፋ ኖታ ፊት መስመር ላይ የሚደርሰው 0.14 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንድ ምት 0.33 ሰከንድ ነው። እንግዲህ ሁሉም የድራም ሜጀሩን (ምቱን በእጁ የሚመራውን) እጅ አይቶ በትክክል ቢነፋ እናንተ ጋ የሚደርሰው ዝብርቅርቅ ነው። የኋላው ሰው የምቱን 40 በመቶ ያህል ይዘገያል።

ልጆቹ ይህን የሚፈቱት «ወደ ኋላ በማዳመጥ» ነው። ከበሮው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ይሆናል። ፊት ያለው ነፊ እጁን ትቶ ከኋላው የሚመጣውን ከበሮ ይሰማና ከሱ ጋር ይነፋል። ያኔ ሁሉም ድምፅ አብሮ ተጉዞ አብሮ ይደርሳል። ከበሮው ወደ ፊት ሲመጣ ግን ዘዴው ይገለበጣል፣ ከኋላ ያሉት ጆሯቸውን ዘግተው በዓይናቸው መሄድ አለባቸው። ስለዚህ ፈተናው ያለው ቡድኑ ከተበታተነበት ቦታ ወደ ሌላ ሲሸጋገር ነው። ብራሱ ሜዳው ጥግና ጥግ ሲሆን፣ ከበሮው ወደ ፊት ሲወርድ፣ እዚያ ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። እንደ ቡና ሲኒ እርስ በርስ ሲንኳኩ ትሰማላችሁ፤ ጥሩዎቹ ግን በሁለት ምት ውስጥ ይሰበሰባሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ላይ ቁጭ ብላችሁ እጁንና ድምፁን አታነጻጽሩ። ከሜዳው 70 ሜትር ብትርቁ ድምፁ ለናንተም 0.2 ሰከንድ ይዘገያል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት «ሁሉም ኮር ከመሪው ወደኋላ ይቀራል» ብዬ በልበ ሙሉነት ስናገር ነበር። ልጄ ለአንድ ወር ሳቀብኝ።

7. እግራቸውን በድምፁ ውስጥ ፈልጉ

ይሄ አጭር ነው። ዓይናችሁን ጨፍኑ። እየተራመዱ መሆኑ በድምፁ ያስታውቃል? ረጅም ኖታ ላይ «ኦ-ኦ-ኦ-ኦ» እያለ ከእርምጃው ጋር ከዘለለ አየሩን የሚደግፈው ሰውነት ደክሟል። ቀጥ ካለ ጎበዞች ናቸው። ከዚያ ዓይናችሁን ክፈቱና ምን ያህል ርቀት በምን ፍጥነት ሲሄዱ እንደነበር እዩ። አንዳንዴ ያስደነግጣል። ረጅም ሐረግ ላይ የትንፋሽ ቀዳዳ መኖሩንም ስሙ፤ ደህና ክፍል ተራ በተራ ይተነፍሳል፣ እናንተ ጋ ሐረጉ ሳይቆረጥ ይደርሳል።

8. የተሰጣቸው ምንድን ነው?

ቀላል ነገር በንጽሕና የነፋና ከባድ ነገር በትንሽ ጉድለት የነፋ እኩል አይደሉም። በምን ትለያላችሁ? ኖታው ከታች እስከ ላይ ሰፊ ነው ወይስ ሁሉም መሃል ላይ ነው? ዜማው ለትራምፔቱ ብቻ ነው ወይስ ባሪቶኑና ኮንትራውም ይሮጣሉ? ፈጣኑን ቦታ እየተንቀሳቀሱ ነው የሚነፉት? ከባዷ ሐረግ ስትመጣ ሁሉም ቆመው ወደ ፊት ዞረው ከሆነ በነሱ ቋንቋ «አቁምና ጩህ» ይባላል። ኃጢአት አይደለም፣ አንዳንዴ ደስ ይላል። ትርኢቱ ሁሉ እንደዚያ ከሆነ ግን ደራሲው ልጆቹን አላመናቸውም ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሐረጉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ? ዜማ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ሰባው ልጅ ጫፉ የት እንደሆነ ከተስማማ ትርጉሙ ይመጣል። ኖታው ሁሉ ትክክል ሆኖ አንድ ነገር የጎደለው የሚመስል አፈጻጸም ገጥሟችሁ ከሆነ የጎደለው ይሄ ነው። የቀለም ተማሪ ግጥም ሲያነብ ታውቁ የለ? ቃሉ አልተሳሳተም፣ ግጥሙ ግን አልተነበበም።

9. ስፒከሩ የሠራውን ለብራሱ አትስጡ

ከ2004 ጀምሮ ማይክራፎን፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተፈቅዷል። አሁን ብዙ ኮር ከታች የሲንተሳይዘር ቤዝ ያስገባል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ «ኮንትራዎቹ ጉድ ናቸው!» ከማለታችሁ በፊት ኮንትራዎቹን ተመልከቱ። የመሣሪያቸው አፍ ወደናንተ ዞሯል? ጉንጫቸው ይሠራል? አንዳንዴ መሣሪያቸውን አውርደው ይጨፍራሉ። በቪዲዮ ስትዳኙ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ማይክራፎኑ ያለበት ቦታ ሚዛኑን ይለውጠዋል። በቪዲዮ ሚዛንን ትታችሁ ቅኝትን፣ አጀማመርንና አጨራረስን ዳኙ።

10. ወረቀት ይዛችሁ ነጥብ ስጡ

ዳኞቹ ትርኢቱን እየተከታተሉ ድምፃቸውን ይቀዳሉ፤ ቀረጻው ለኮሩ አስተማሪዎች ይሰጣል። እናንተም ስልካችሁ ላይ ሹክ በሉ ወይም ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት ያዙ፤ አንዱ «የተሰጣቸው»፣ ሌላው «ያደረሱት»። ለእያንዳንዱ ከ10። «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «ባላዱ ላይ ሜሎፎን ቀጠነ»፣ «ከበሮው ወደ ፊት ሲመጣ ተበተኑ፣ ቶሎ ተሰበሰቡ» ብላችሁ ጻፉ። ስትመለሱ የምትከራከሩት በዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ኮር 9 አትስጡ። ቀጥሎ የሚመጣው ከበለጠ መሄጃ ታጣላችሁ። በ2014 ብሉ ዴቪልስ 99.65 ሲያገኝ ዳኞቹ ጣሪያውን ሊነኩ የቀራቸው ስንጥር ነበር። ለመጀመሪያው 7 ገደማ ስጡና ሌሎቹን ከሱ ጋር እያወዳደራችሁ ከላይ ወይም ከታች አስቀምጡ። በአንድ ምሽት ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ ቅደም ተከተሉ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ የዳኛውን የብራስ ነጥብ አውጥታችሁ አወዳድሩ። በፍጻሜው ሳምንት ምርጥ ለሆነው ብራስ የጂም ኦት ሽልማት ይሰጣል፤ ማን እንደሚወስደው አስቀድማችሁ መገመት ጥሩ ጨዋታ ነው። ቅደም ተከተላችሁ ከዳኛው ጋር ካልገጠመ ቶሎ ተሸነፍኩ አትበሉ። ቪዲዮውን መልሳችሁ አንድ ቦታ ብቻ ስሙ፤ ባላዱ ውስጥ ያለውን ረጅም ኮርድና የሚቆምበትን ቅጽበት። እኔና ልጄ ባለፈው ክረምት በሁለት ኮሮች ተከራክረን እኩለ ሌሊት ድረስ ያንኑ አራት ሰከንድ ስንደጋግም ነበር። ለአምስተኛ ጊዜ ስንደግመው አንዲት ትራምፔት ቀርታ ሰማሁ። እሱ አልሰማም ይላል።